አስማት ማለት ስሞች ማለት ነው፦ ስለ ፋንታሲ መጻሕፍት ጥያቄና መልስ

ፋንታሲ፣ ማለት አስማትና በምናብ የተፈጠረ ዓለም ያለበት ልብ ወለድ፣ ማንበብ ከጀመርኩ አሥራ አምስት ዓመት አልፎኛል። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ስለ እነዚህ መጻሕፍት ያሻችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበርና ከቡሬ፣ ከሞጣ፣ ከዳንግላ፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙ ጥያቄ ደረሰኝ። የቻልኩትን መልሻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። የታሪኮቹን መጨረሻ አልነግራችሁም።

ከቡሬ፦ ፋንታሲ የሚባል ነገር አንብቤ አላውቅም። አንድ መጽሐፍ ብቻ ምረጥ ብትባል የቱን ትላለህ?

«ኤ ዊዛርድ ኦፍ ኧርዝሲ»። የኡርሱላ ለ ጊን ነው፣ በ1968 የታተመ። ምክንያቴ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሰኝ።

ታሪኩ በአንድ ፍየል ጠባቂ ልጅ ይጀምራል። ሰባት ዓመቱ ነው። እናቱ ሞታለች። አንድ ቀን አክስቱ፣ ጣራ ላይ ወጥታ አልወርድም ያለች ፍየል በሆነ ቃል ስታወርድ ይሰማል። በማግስቱ ፍየሎቹን ይዞ ተራራ ላይ ሳለ እሱም ያንኑ ቃል ይጮኻል። ፍየሎቹ ይመጣሉ። ሁሉም። ድምፅ ሳያሰሙ መጥተው ይከቡትና በዚያ በቢጫ ዓይናቸው ትክ ብለው ያዩታል። ልጁ ይስቅና ይደግመዋል፤ ይበልጥ ይጠጉታል። ያኔ ይፈራል። ሊያመልጥ ወደ መንደሩ ቁልቁል ሲሮጥ እነሱም በገመድ የታሰሩ ይመስል ዙሪያውን ተጣብቀው አብረውት ይሮጣሉ፣ እሱ መሀላቸው እያለቀሰ። ፍየል ጠብቀህ ካደግህ ይህ ገጽ ከማንም በላይ ይገባሃል። ፍየል ዝም አትልም። ዝም ያለ የፍየል መንጋ ምን ያህል እንደሚያስፈራ የሚያውቀው የጠበቀ ሰው ነው።

ሁለተኛው ምክንያቴ ስም ነው። በዚያ ዓለም አስማት የሚሠራው የነገሩን እውነተኛ ስም በማወቅ ነው። የድንጋዩን እውነተኛ ስም ካወቅህ ድንጋዩ ይታዘዝሃል። ሰውም መጠሪያ ስምና እውነተኛ ስም አለው። ልጁን ሰው ሁሉ «ጭልፊት» እያለ ይጠራዋል፤ እውነተኛ ስሙን ግን ከልቡ ለሚያምነው ሰው ካልሆነ አይናገርም። እንግዲህ አስበው። «አስማት» የሚለው ቃላችን እኮ በግዕዝ የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው፣ «ስሞች» ማለት ነው። የቤት ስምና የክርስትና ስም ይዘን ያደግን ሰዎች ነን። እናቴ የክርስትና ስምህን ለማንም አትንገር ትለኝ ነበር። ያን መጽሐፍ ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የእሷ ድምፅ ነው።

ደግሞ ትምህርት ቤቱ አለ። ተማሪዎቹ አንድ ማማ ውስጥ ተቀምጠው ረጅም የስም ዝርዝር በቃል ያጠናሉ። እኩለ ሌሊት ሲሆን ቀለሙ ከገጹ ይጠፋል፤ እስከዚያ መያዝ አለባቸው። ዲማ ወይም ዋሸራ ቅኔ የተማረ ዘመድ ያለው ሰው ይህን እንደ ተረት አያነበውም።

መጽሐፉ ቀጭን ነው፣ ወደ 200 ገጽ። ጀግናው ጠይም ነው። ሽፋን የሚሠሩ ሰዎች ነጭ አድርገው ሲስሉት ለ ጊን በግልጽ ትቃወም ነበር።

ከደብረ ማርቆስ፣ አንድ መምህር፦ «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ»ን ሦስት ጊዜ ጀመርኩት፣ ሦስቴም ሃምሳ ገጽ ሳልደርስ ተውኩት። ምን ይሻላል?

ጋሼ፣ መጀመሪያ «ዘ ሆቢት»ን ያንብቡ። በ1937 የወጣ ነው፣ ለልጆች የተጻፈ፣ ቀለል ያለ። እርስዎ መምህር ስለሆኑ አንድ ነገር ልንገርዎ። የሁለቱም ደራሲ ቶልኪን ኦክስፎርድ የሚያስተምር ፕሮፌሰር ነበር። የፈተና ወረቀት ሲያርም አንድ ተማሪ ባዶ የተወው ገጽ አገኘና እዚያ ላይ ስለ ሆቢት (በታሪኩ ውስጥ ቁመቱ አጭር የሆነ ሕዝብ ነው) አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈበት። ሆቢት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ እሱም አያውቅም ነበር። መጽሐፉ ከዚያች መስመር ወጣ።

ከዚያ ወደ ትልቁ ሲመለሱ መቅድሙን ይዝለሉት። ብዙ ሰው የሚቀረው እዚያ ነው። ሌላው፣ በ1954 እና በ1955 በሦስት ክፍል ታተመ እንጂ አንድ ወጥ ልብ ወለድ ነው። አንደኛው ክፍል ሲያልቅ ታሪኩ ያልቃል ብለው አይጠብቁ። ስሞቹና ዘፈኖቹ ከበዙብዎት ደግሞ ይህን ያስቡ፦ ሰውየው መጀመሪያ የፈጠረው ቋንቋዎቹን ነው፣ አገሩና ሕዝቡ የመጡት በኋላ ነው። እንደ ቅኔ ቀስ ብለው ካነበቡት ይከፈታል።

ከዳንግላ፦ የ«ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ»ን ሦስቱንም ፊልም አይቻለሁ። መጽሐፉን ማንበብ ያስፈልገኛል?

አዎ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ሆቢቶቹ አገራቸው ሲገቡ የሚያገኙት ነገር ፊልሙ ላይ የለም። ለኔ የመጽሐፉ ልብ እሱ ነው።

ከሞጣ፣ አንዲት እናት፦ ልጄ 12 ዓመቷ ነው። መጽሐፍ ትወዳለች፣ እንግሊዝኛዋ ግን ገና ነው። ደግሞስ አስማት ያለበት መጽሐፍ ለልጅ ይሆናል ወይ? ሃይማኖታችንን የሚነካ ነገር አልፈልግም።

እትዬ፣ ሁለቱንም ልመልስልዎ። ለልጅዎ የናርንያን መጻሕፍት እመርጣለሁ። ሰባት ናቸው፣ ከ1950 እስከ 1956 በየዓመቱ አንድ አንድ የወጡ። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው። «ዘ ላየን፣ ዘ ዊች ኤንድ ዘ ዋርድሮብ» ከሚለው ትጀምር። አሁን የሚታተሙት ላይ ቁጥር አንድ ተብሎ የሚቀመጠው ሌላ ነው፤ ደራሲው መጀመሪያ ያወጣው ግን ይህንን ነው፣ የታሪኩ ልጅ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብታ ናርንያ የሚባለው ዓለም ስትደርስ ልጅዎም አብራት መገረም የምትችለው በዚህኛው ነው። የማታውቀውን ቃል ሁሉ መዝገበ ቃላት ላይ አትፈልግ። በገጽ ሁለት ቃል ይበቃል። አለዚያ ማንበቡ የቤት ሥራ ሆኖ ይሰለቻታል።

ወደ ሃይማኖቱ ስንመጣ፣ ጥያቄዎን አከብራለሁ። የናርንያ ደራሲ ሲ ኤስ ልዊስ ካደገ በኋላ ወደ ክርስትና የተመለሰ ሰው ነው፣ በመመለሱም የቶልኪን ወዳጅነት ትልቅ ድርሻ ነበረው። ቶልኪን ራሱ አጥባቂ ካቶሊክ ነበር። መጻሕፍቱ ጥንቆላ አያስተምሩም። ደግና ክፉ ሲታገሉ ነው የሚያሳዩት። እኔ ሰማዕቱ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ በዘጌ ገዳማት ግድግዳ ላይ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ መጽሐፍ ውስጥ ዘንዶ ሳገኝ አልደነገጥኩም። ግን መጀመሪያ እርስዎ ያንብቡት፣ ልብዎ ካልተቀበለው የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። ከልጅዎ ጋር እኩል እያነበቡ ማታ ማታ ብትጨዋወቱበት ደግሞ የበለጠ ነው።

ከፍኖተ ሰላም፦ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከጨረስኩ ወዲህ ሌላ መጽሐፍ አልጥምህ ብሎኛል። ፋንታሲ ውስጥ እንደሱ ልብ የሚሰብር አለ?

የሮቢን ሆብ መጻሕፍት። «አሳሲንስ አፕረንቲስ» ከሚለው ጀምር፣ 1995። የልዑል ዲቃላ የሆነ ልጅ ነው፣ ስድስት ዓመቱ ላይ አያቱ ወስዶ በር ላይ ለወታደር አስረክቦት ይሄዳል። የሚያድገው ጋጣ ውስጥ ከፈረስና ከውሻ ጋር ነው። ድግምትም አለበት፣ ግን የምታስታውሰው ድግምቱን አይደለም። ልጁ ለሚወደው ሁሉ ባይተዋር ሆኖ ሲቀር ነው። በዛብህን ከማንኩሳ ጀምረህ የተከተልከው በዝግታ አይደል? ይህንንም እንደዚያ በዝግታ ተከተለው። ሦስት መጽሐፍ ነው፣ አልቋል። ሲጨርሱት ያማል፣ አስቀድሜ ልንገርህ።

ከባሕር ዳር፦ ረጅም፣ ክረምቱን ሙሉ የሚያቆይ ነገር ፈልግልኝ።

«ዘ ዊል ኦፍ ታይም»። 14 ወፋፍራም መጻሕፍት። ሮበርት ጆርዳን በ1990 ጀመረው፣ ሳይጨርሰው በ2007 ሞተ፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ብራንደን ሳንደርሰን ከተወው ማስታወሻ ተነስቶ ጻፋቸው፣ በ2013 አለቀ። ከሰባተኛው እስከ አሥረኛው ድረስ ይንቀራፈፋል፤ ብዙ ሰው እዚያ ይተወዋል። አትተወው። «ጌም ኦፍ ትሮንስ» የሚሉትን መጻሕፍት ግን አሁን አልመክርህም። አምስተኛው የወጣው በ2011 ነው፣ ስድስተኛው እስካሁን አልመጣም። ያላለቀ ነገር ላይ ልብህን አታሳርፍ።

ከባሕር ዳር፣ አንድ ተማሪ፦ ጥቁር ሰዎች የጻፉትስ?

አለ፣ ሞልቷል። ከሁሉ በፊት ኤን ኬ ጀሚሲንን አንብቢ፣ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ሦስት ክፍል ያለው ታሪክ አላት፣ የመጀመሪያው ክፍል «ዘ ፊፍዝ ሲዝን» ይባላል፣ 2015። ሦስቱም በተከታታይ ዓመታት፣ በ2016፣ በ2017 እና በ2018፣ ሁጎ የሚባለውን የፋንታሲና የሳይንስ ልብ ወለድ ሽልማት ወሰዱ። ከሷ በፊት ይህን ያደረገ አልነበረም። ምድሪቱ ያለማቋረጥ የምትንቀጠቀጥበት ዓለም ነው፣ መንቀጥቀጡን በራሳቸው ኃይል ማብረድ የሚችሉ ሰዎች ደግሞ ይጠላሉ፣ ይገደላሉ። ሲጀምር አንዲት እናት ትንሽ ልጇን ሞቶ ታገኘዋለች፣ የገደለው አባቱ ነው። ከባድ ነው፣ ዝግጁ ሁኚ።

የዚያች እናት ክፍል የተጻፈው አንባቢውን እንደሚያናግር ሰው ነው፣ እንዲህ አደረግሽ፣ ወዲያ ሄድሽ እያለ። እንግሊዝኛው ወንድና ሴት አይለይም። እኔ ግን በአማርኛ እያሰብኩ ሳነበው በየግሱ መጨረሻ «ሽ» ይመጣብኛል። ወንድ ሆኜ ስድስት መቶ ጊዜ «አንቺ» ስባል ሐዘኗ የኔ ሆነ። አንድ ቀን አንድ ሰው ወደ አማርኛ ቢመልሰው ከዋናው ይልቅ የሚከብድ ይመስለኛል።

አጭር ከፈለግሽ የናይጄሪያዊው የአሞስ ቱቱኦላ «ዘ ፓልም ዋይን ድሪንካርድ» አለልሽ፣ 1952። መጠጥ የሚቀዳለት ሰው ከዛፍ ወድቆ ሲሞትበት እስከ ሙታን ከተማ ድረስ ሊፈልገው የሄደ ሰው ታሪክ ነው። አያቶቻችን ተረት ሲያወሩ እንደሚሉት ነው የሚሄደው።

ከቢቸና፦ «ዊዛርድ» የሚለውን ወደ አማርኛ ብመልስ ምን ልበል? ትንሽ ትንሽ እየተረጎምኩ ነው።

«ጠንቋይ» አትበል። ጠንቋይ ሲባል አንባቢህ የሚያስበው ዶሮ የሚያሳርደውን ሰውዬ ነው። እንግሊዝኛው ከ«ጥበብ» የወጣ ቃል ነው፣ ስለዚህ «ጠቢብ» ቅርብ ነበር። ግን እኛ አካባቢ «ጠይብ» የሚለውን ሰምቶ ያደገ ሰው አእምሮው ወደ ቡዳ ይሄዳል፣ ያም ቃል በባለ እጆች ላይ ስንት ግፍ ያሠራ ቃል ነው። እኔ «ባለ አስማት»ን እመርጣለሁ። ከላይ እንዳልኩት ስሙን ያዥ ማለት ይሆንልሃል። በርታ፣ የተረጎምከውን ላክልኝ፣ አነባለሁ።

ከቢቸና፣ ያው ልጅ፦ በአማርኛስ ምን ላንብብ?

ከዘጌ ጀምር። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ ልጅ ነው። በ1908 ሮም ላይ ያሳተመው «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ «ጦቢያ» የምንለው፣ የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ነው። ድግምት የለበትም። ግን ንጉሥ አለ፣ ጦርነት አለ፣ ወንድ መስላ የምትጓዝ ቆንጆ ልጅ አለች። ብዙ የፋንታሲ መጽሐፍ የቆመው በዚሁ ነው። አማርኛውን ጮክ ብለህ አንብበው፣ ዜማው ይይዝሃል። ቀጥሎ የሐዲስ ዓለማየሁን «ተረት ተረት የመሠረት» ፈልግ።

ከዳንግላ፦ አንተ አሁን ምን እያነበብክ ነው?

«ተሃኑ»ን፣ ለአራተኛ ጊዜ። የ«ኧርዝሲ» አራተኛ መጽሐፍ ነው። ለ ጊን ሦስተኛውን በ1972 ካወጣች በኋላ 18 ዓመት ቆይታ በ1990 የጻፈችው። ስለ አንዲት ባሏ የሞተባት ገበሬ ሴትና እሳት ስላቃጠላት ልጅ ነው። ያ ፍየል ጠባቂ ልጅ እዚህ ላይ አርጅቷል። ፍየሎቹም አሉ።