ትርፍ አለ፣ ብር የለም

ሐዋሳ ውስጥ የሚያውቁኝ ወጣቶች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁኝ ያው አንድ ነገር ነው። «ጋሼ፣ ኤምቢኤ ልጀምር ወይስ ይቅርብኝ?» ኤምቢኤ ማለት የቢዝነስ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ነው። እኔም ቸኩዬ «ጥሩ ነው፣ ጀምር» ብዬ አልፋለሁ። ዕድሜውን በሂሳብ መዝገብ መሃል ለጨረሰ ሰው ይሄ መልስ አያምርበትም። ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልናገር። ወጣት ሳለሁ የአንድ ድርጅት የሂሳብ ኃላፊ ነበርኩ። ስሙ ይቅር። ሰኔ 30 ሂሳብ ዘጋን፣ ደህና ትርፍ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ አመሰገነኝ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። የሐምሌ ደመወዝ ሲደርስ ግን ባንክ ያለው ብር ለግማሹ ሠራተኛ እንኳ አልበቃም። ሥራ አስኪያጁ አስጠርቶኝ «ያ ትርፍ የት ገባ?» አለኝ። ወረቀት እያገላበጥኩ ላብ በላብ ሆንኩ። የሰረቀ የለም። ስሌቱም ልክ ነው። ትርፍ አለ፣ ብር የለም።

መልሱን ያገኘሁት ከዓመታት በኋላ፣ በማታው ክፍለ ጊዜ ኤምቢኤ ስማር ነው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሦስት ቁጥር ጻፈ። ዕቃው መጋዘን ውስጥ 60 ቀን ይቀመጣል። በዱቤ የወሰደው ደንበኛ በ90 ቀን ይከፍላል። እኛ ደግሞ አቅራቢውን በ30 ቀን እንከፍላለን። 60 ሲደመር 90፣ ሲቀነስ 30። 120 ቀን። አንድ ብር ከእጃችን ወጥታ እስክትመለስ አራት ወር ማለት ነው። ደመወዝና ኪራይ አራት ወር አይታገሡም። የዱቤ ሽያጭ ብሩ ገና ሳይገባ መዝገብ ላይ ትርፍ ሆኖ ይቆጠራል፤ በጨመረ ቁጥር ግን የሚታሰረውም ብር ይጨምራል። እኛ ያን ዓመት ሽያጫችንን አሳድገን ጮቤ ረግጠን ነበር። ለካ ያነቀን እሱ ነው! አካውንቲንግ በመጀመሪያ ዲግሪ ተምሬያለሁ፤ መዝገቤም ንጹሕ ነበር። ግን አንዱን ገጽ ከሌላው ጋር አገናኝቶ ማንበብ ማንም አላስተማረኝም።

ኤምቢኤ ውስጥ የምትማሩት በአመዛኙ ይህን ማገናኘት ነው። የኮርሶቹ ስም ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ትንሽ ይለያይ እንጂ አካውንቲንግ፣ ፋይናንስ፣ ማርኬቲንግ፣ የሰው ኃይል አስተዳደር፣ ኦፕሬሽን (የዕለት ተዕለት የምርትና የአገልግሎት ሥራ አመራር)፣ ኢኮኖሚክስ፣ ስታቲስቲክስ፣ ስትራቴጂ የትም አይቀሩም። መጨረሻ ላይ መመረቂያ ጽሑፍ አለ።

ከእነዚህ ውስጥ ነገ ጠዋት ሥራ ላይ የሚውለው የትኛው ነው ብትሉኝ፣ የወጪ ትንተና እላችኋለሁ። የእህቴ ልጅ ጭማቂ ቤት ልትከፍት አስባ መጣችና አብረን አሰላን። ለስሌት እንዲመች ቁጥሩን ላሳጥረው። ኪራይ በወር 30,000 ብር ነው እንበል። አንዱ ብርጭቆ 100 ብር ይሸጣል፤ ለአቮካዶው፣ ለስኳሩ፣ ለመብራቱ 60 ይወጣል። 40 ይቀራል። 30,000 ለ40 ሲካፈል በወር 750 ብርጭቆ። በቀን 25 ብርጭቆ ካልሸጠች ለአከራይዋ ነው የምትሠራው። አከራዩ ኪራዩን 40,000 ቢያደርገው ደግሞ ወደ 34 ይወጣል። «ጋሼ፣ ዝናብ በሚጥልበት ቀንስ?» አለች። ይህቺ ጥያቄ ናት ያስደሰተችኝ። ስታቲስቲክስ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ኦፕሬሽንን ለማየት ክፍል መግባትም አያስፈልግ። ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ውረዱ። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ከጀልባ ሲወርድ ልጆቹ በቢላ ቆዳውን ገፈው፣ አጥንቱን ለይተው ሲሰጡ እዩ። አባ ኮዳ የሚባለው ያ መላጣ ወፍ ደግሞ ትርፍራፊውን ይጠብቃል። ፀሐይ ከበረታች ዓሣው ይበላሻል፤ ስለዚህ ሻጩ እየረፈደ ሲሄድ ዋጋውን ይቀንሳል። የሚበላሽ ዕቃ፣ የዋጋ ውሳኔ፣ የሥራ ክፍፍል፣ ሁሉም እዚያው አለ። ሻጩ በስሙ አይጠራውም እንጂ ያውቀዋል።

ስትራቴጂ ብዙ ወሬ ይበዛበታል፤ አልደብቃችሁም። ግን ከተማችን አንድ ትልቅ ትምህርት አይታለች። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ሲመረቅ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ልብስ ሰፍተው ለውጭ ገበያ የሚልኩ ነበሩ። አንዱ ትልቅ መሳቢያ አሜሪካ አጎአ በተባለ ሕግ ለአፍሪካ አገሮች ዕቃ የምትሰጠው ከቀረጥ ነፃ ዕድል ነበር። በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ያ ዕድል ተዘጋ። በአንድ ገበያ ላይ መንጠልጠል ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ሰሞን ሥራቸውን ያጡ ልጆች ከማንም መጽሐፍ በላይ ይነግሯችኋል። ክፍል ውስጥ «ኬዝ» የሚባለው እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ በሥራ አስኪያጁ ወንበር ተቀምጣችሁ ምን ታደርጉ ነበር ተብላችሁ ትከራከራላችሁ። ሃርቫርድ ይህን ዲግሪ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው፤ እንዲህ ያለው ክርክር ዋና የማስተማሪያ መንገዱ የሆነው ግን በ1920ዎቹ ነው።

ታዲያ ምንም ሳይሠራ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ የገባ ልጅ ምን ይዞ ይከራከራል? አንጀቴን የሚበላኝ ይሄ ነው። ቢያንስ ሁለት ሦስት ዓመት ሥሩ። የሽያጭ ሠራተኛም ሁኑ፣ ገንዘብ ያዥም ሁኑ። ደመወዝ ሲዘገይ፣ ደንበኛ ሲያኮርፍ እዩ። ያኔ መምህሩ አንድ ቃል ሲናገር አንድ ፊት ትዝ ይላችኋል።

መመረቂያ ጽሑፍን በተመለከተ፣ ርዕሱ ሁሉ ተመሳስሏል። የእንቶኔ ነገር በሠራተኞች አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ፣ በእንትና ባንክ። መጠይቅ ይበተናል፣ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፣ ይታተማል፣ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። ገንዘብ ተቀብለው የሚሠሩላችሁ እንዳሉም አውቃለሁ። የራሳችሁን መሥሪያ ቤት አንድ እውነተኛ ችግር ምረጡ። ለምሳሌ ዱቤ ለምን እንደማይሰበሰብ።

እና ከመመዝገባችሁ በፊት ክፍያውን ብቻ አትጠይቁ። ለመመረቂያ ጽሑፉ አንድ አማካሪ መምህር ስንት ተማሪ እንደሚይዝ ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ገብቼ ኮርሱን በጊዜው ጨረስኩ፤ ከዚያ አማካሪዬን ፍለጋ ስምንት ወር ደጅ ጠናሁ።