ከባድ ሰውነት ያላቸውን አረጋውያን በመጦሪያ ቤት መንከባከብ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ 150 ኪሎ የሚመዝኑ እናት አሉን። ሁለት ጠንካራ ልጆች ይዤ ከአልጋ ወደ ወንበር ባዛውራቸውስ?

መልስ፦ እንዳታደርጊው። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ተቋም ኒዮሽ ሰውን በእጅ ለማንሳት ያስቀመጠው ጣሪያ፣ ያውም ሁኔታው ሲመች፣ 16 ኪሎ ገደማ ነው። አንድ እግር የሰውነት ክብደት 16 በመቶ ያህል ስለሚሆን የእሳቸው አንድ እግር ብቻ 24 ኪሎ ይመጣል። ቁስል እስኪታጠብ እግራቸውን ይዞ መቆም እንኳ በማንጠልጠያ እንጂ በክንድ አይሠራም።

በማንሻ ማሽን ስትጠቀሙ የሁሉንም ክፍል ቁጥር አንብቡ። ማሽኑ 250 ኪሎ ቢችልም ሰውየው የሚታቀፍበት ጨርቅ 200 ከሆነ፣ ልክሽ 200 ነው። ስፌቱን ፈትሹ። ከአልጋው ትንሽ ከፍ ስታደርጓቸው ቁሙና ማንጠልጠያዎቹ ሁሉ መያዛቸውን፣ የጭን ሥጋም በጨርቁ ጠርዝ አለመቆንጠጡን እዩ።

ጥያቄ፦ የሆድና የጡት እጥፋት ሥር ይቀላል፣ ይሸታል። ፓውደር ብንነሰንስስ?

መልስ፦ ፓውደር ከላብ ጋር ይጓጉልና ቆዳውን ይፍቃል። ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና አጥባችሁ በፎጣ ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁ፤ አትሹ። ከዚያ እርጥበት መጣጭ ጨርቅ ሳይደረብ አስገቡ፤ ጫፉ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይውጣ፤ አለዚያ የመጠጠው እርጥበት የሚተንበት ያጣል። በቅላቱ ዙሪያ ትናንሽ ቀያይ ነጠብጣቦች ከታዩ ፈንገስ ሳይሆን አይቀርምና ለሐኪም አሳዩ። እግረ መንገዳችሁን የሽንት ቱቦው እጥፋት ውስጥ አለመደበቁን ተመልከቱ፤ ማንም ሳያየው ቆዳውን በልቶ የሚያቆስል እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የአንድ አባት ደም ግፊት ሁልጊዜ ከፍ ይላል።

መልስ፦ መድኃኒት ከመጨመሩ በፊት ካፉን፣ ማለትም ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን የግፊት መለኪያ ጨርቅ፣ ለኩ። ውስጡ ያለው የአየር ከረጢት የክንዱን ዙሪያ 80 በመቶ ካልሸፈነ ግፊቱን አጋንኖ ያሳያል። ያለ አግባብ መድኃኒት የተጨመረላቸው ሰው ደግሞ ከአልጋ ሲነሱ ያዞራቸዋል።

ጥያቄ፦ ስናጥባቸው ትንፋሽ ያጥራቸዋል።

መልስ፦ በጀርባ ሲተኙ ሆድ ሳንባን ከታች ይጫነዋል። ራስጌውን ቢያንስ 30 ዲግሪ ከፍ አድርጉ፤ እንዳይንሸራተቱ ግን ቀድማችሁ ጉልበታቸውን ደግፉ። ቀን ቀን የሚያንቀላፉ፣ ጠዋት ራሳቸውን የሚያማቸው ከሆነ ሌሊትም ትንፋሽ እያጠራቸው ሊሆን ይችላልና ሐኪም ሳያያቸው የእንቅልፍ ኪኒን እንዳይሰጣቸው።

ጥያቄ፦ ወድቀው ብናገኛቸውስ?

መልስ፦ በብብታቸው ይዛችሁ አትጎትቱ፤ ትከሻ ይወልቃል። የተሰበረ ነገር እንደሌለ ነርስ እስክትመረምር ትራስ አድርጉላቸው፣ ብርድ ልብስ አልብሷቸው። ከዚያ እስከ ወለል የሚወርድ ማንሻ አምጡ። ማሽኑ እስኪመጣ አጠገባቸው ቁጭ በሉ፤ ስለ ክብደታቸው በላያቸው ላይ አትነጋገሩ። የሚያፍሩ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ደወል ሳይጫኑ ብቻቸውን ይነሳሉ።