ርግብ፣ ቁራና ዶሮ፦ ስለ ወፎች አንጎል ከአንባቢያን የቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የባዮሎጂ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። በቤተ መጻሕፍታችን የሚገኝ አንድ የቆየ መጽሐፍ የርግብን የፊት አንጎል ሰፊ ክፍል «ኒዮስትራየተም» ይለዋል። ዘንድሮ የተሰጠን ጽሑፍ ደግሞ ያንኑ ቦታ «ኒዶፓሊየም» ብሎ ይጠራዋል። ሥዕሎቹን ጎን ለጎን ሳስተያያቸው ልዩነት የላቸውም። የትኛውን ልከተል? ወፎችስ እንደ እኛ ባለ ስድስት ንብርብር ኮርቴክስ (የአንጎል የላይኛው ሽፋን) ከሌላቸው፣ ቁራ ብልሃቱን ከየት አመጣው? (ከጎንደር)

መልስ፦ አዲሱን ስያሜ ተከተል፤ የቆየውን መጽሐፍ ግን አትናቀው። ሥዕሎቹን የሠሩት ሰዎች ድንበሮቹን በጥንቃቄ ነው ያሰመሯቸው። ስሕተቱ ያለው በድንበሮቹ ውስጥ ስላለው ነገር በተሰጠው ፍርድ ላይ ነው።

ፍርዱ የመጣው ከፍራንክፈርቱ ሊቅ ከሉድቪግ ኤዲንገር ነው። ኤዲንገር በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ የዓሣን፣ የእንሽላሊትን፣ የወፍንና የአጥቢ እንስሳትን አንጎል እያነጻጸሩ አጥንተዋል። የአጥቢዎች ኮርቴክስ በንብርብር የተሠራ ነው። በወፍ የፊት አንጎል ግን ሴሎቹ በየቦታው ተሰባስበው ነው የሚታዩት። በአጥቢዎች ዘንድ ይህን የሚመስለው ከኮርቴክሱ ሥር ያለው፣ በዚያን ጊዜ የደመ ነፍስ መቀመጫ ተደርጎ ይታይ የነበረው ስትራየተም ስለሆነ፣ የወፍ የፊት አንጎል ከሞላ ጎደል ስትራየተም ነው ተባለ። መዘዙ ቀላል አልነበረም። ወፍ በደመ ነፍስ ብቻ የሚመራ፣ ማሰቢያ ያልተሰጠው ፍጥረት ተደርጎ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ተቆጠረ።

ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምላቸው ይህንን ነው፤ የአንድን ኒውክሊየስ (በአንጎል ውስጥ የተሰባሰቡ የነርቭ ሴሎች ክምችት) ማንነት በመልኩ አትፍረዱ፣ ወደ እሱ የሚገቡትንና ከእሱ የሚወጡትን የነርቭ ክሮች ተከተሉ። አንድ መናኸሪያ የየትኛው አቅጣጫ መሆኑ የሚታወቀው በጣሪያው ቅርጽ ሳይሆን አውቶቡሶቹ ከየት መጥተው ወዴት እንደሚሄዱ ሲታይ ነው።

አሜሪካዊው ሃርቪ ካርተን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያደረጉት ይህንኑ ነው። ከዊልያም ሆዶስ ጋር በ1967 የርግብን አንጎል አትላስ ያሳተሙት እኚሁ ሰው ናቸው። የዘመኑ ዘዴ ትዕግሥት የሚፈትን ነበር። የስሜት ሕዋሳትን መልእክት ወደ ፊት አንጎል በሚያስተላልፈው በታላመስ ውስጥ አንዲት ትንሽ ኒውክሊየስ ሆን ተብሎ ትጎዳለች። ጥቂት ቀናት ይጠበቅና አንጎሉ በጣም በሳሳ ቁራጭ እየተቆረጠ በብር ንጥረ ነገር ይቀለማል። ከተጎዳችው ኒውክሊየስ የተነሡት ክሮች እየሞቱ ስለሆነ ብሩን ይይዛሉ፤ በማይክሮስኮፕ ሲታዩም ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናሉ። ተመራማሪው ነጠብጣቡን ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው እየተከተለ ክሮቹ የት እንደሚያልቁ ያያል።

በዚህ መንገድ የተገኘው ነገር እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። የድምፅ መንገድ ከጆሮ ተነሥቶ በአንጎል ግንድና በመካከለኛው አንጎል አልፎ፣ በታላመስ ውስጥ ኦቮይዳሊስ በሚባለው ኒውክሊየስ አድርጎ፣ የፊት አንጎል ውስጥ «ፊልድ ኤል» የተባለ ቦታ ይደርሳል። የእይታም እንዲሁ፤ ብርሃን ከሚቀበለው የዐይን ውስጠኛ ሽፋን ከሬቲና ወደ መካከለኛው አንጎል ወደ ቴክተም፣ ከቴክተም ታላመስ ውስጥ ወዳለው ወደ ሮተንደስ፣ ከሮተንደስ ፊት አንጎል ውስጥ ወዳለው ወደ ኢንቶፓሊየም። የአጥቢዎች የድምፅ መንገድ ወደ ኮርቴክስ የሚደርሰው በእነዚሁ ዐይነት ጣቢያዎች አልፎ ነው። ኬሚካላዊው ማስረጃም ይህንኑ ደገፈ። የስትራየተም መለያ የሆነው ዶፓሚን የተባለ የነርቭ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል በብዛት የተገኘው በወፉ የፊት አንጎል የታችኛው ክፍል ብቻ ነው፤ እውነተኛው ስትራየተም ያ ነው። ከላዩ ያለው ሰፊ ክፍል ኮርቴክስም ከሚመደብበት ከፓሊየም (የፊት አንጎል የላይኛው ክፍል) ወገን ነው።

ስያሜው የተለወጠው ግን በ2002 በአሜሪካ በዱክ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ጉባኤ ነው፤ ውሳኔው በ2004 ታተመ። ስለዚህ የቆየውን መጽሐፍ ስታነብ አርኪስትራየተም የሚለውን በአብዛኛው አርኮፓሊየም፣ ሃይፐርስትራየተም ቬንትራሌ የሚለውን ሜሶፓሊየም እያልክ አስተካክል። አንድ ነገር ግን አደራ፤ መንገዶቹ ስለተመሳሰሉ ብቻ ኒዶፓሊየምና ኮርቴክስ ከአንድ ጥንታዊ ክፍል የተወረሱ ናቸው ብለህ እንዳትደመድም። የወፎችና የአጥቢዎች የዘር ሐረግ ከ300 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ተለያይቷል፤ ክርክሩም ገና አልተዘጋም።

ወደ ቁራ ልምጣ። «የቁራ መልእክተኛ» እያልን የምናማው ይህ ወፍ ከሚገባው በታች ተገምቷል። በ2016 የታተመ ቆጠራ እንዳሳየው፣ በደጋችን የምናየው የወፍራም ምንቃሩ ቁራ የቅርብ ዘመድ የሆነው ትልቁ የሰሜን ቁራ 14 ግራም ገደማ በሚመዝን አንጎሉ ውስጥ ከ2 ቢሊዮን በላይ የነርቭ ሴሎች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ 1.2 ቢሊዮን ያህሉ በፓሊየሙ ይገኛሉ። የውሻ ኮርቴክስ፣ አንጎሉ በብዙ እጥፍ እየከበደ፣ የሚይዘው ግማሽ ቢሊዮን ገደማ ነው። የወፍ ሴሎች ትንንሽና እጅግ የተጠጋጉ ናቸውና። በ2020 ደግሞ የጀርመኑ የቦኹም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የርግብንና የጉጉትን አንጎል ክሮች በፖላራይዝድ ብርሃን ሲያዩ፣ ንብርብር በሌለው በዚያ ክፍል ውስጥ ክሮቹ ልክ እንደ ኮርቴክስ አግድምና ቁልቁል እየተቋረጡ ሲሄዱ አገኟቸው።

በዐይንህ ማየት ከፈለግህ ለበዓል ዶሮ ሲታረድ ጭንቅላቱን ለምነህ ውሰድ። በቤተ ሙከራችሁ ፎርማሊን ውስጥ ከርሞ ሲጠነክር የራስ ቅሉን በትንሽ በትንሹ ላጠው። ከፊት እጥፋት የሌላቸው ሁለት ለስላሳ ጉብታዎች ታያለህ፤ ከእነሱ በታች በግራና በቀኝ ወጣ ያሉት ክብ ነገሮች የእይታው ቴክተም ናቸው፤ ከኋላ በቀጫጭን እጥፋት የተሸነሸነው ሴሬቤለም (ትንሹ አንጎል) ነው። የፊቱን ጉብታ በምላጭ አግድም ቁረጠውና በአጉሊ መነጽር ተመልከት። በግራጫው መሐል የሚያልፉት ስስ ነጫጭ መስመሮች የመጽሐፍህ ድንበሮች ናቸው።

ጥያቄ፦ ጥቂት ዶሮዎች አረባለሁ። ጥሬ ስበትንላቸው ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው በአንድ ዐይናቸው ብቻ ያዩታል። በሽታ ይሆን? (ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ እኅቴ፣ አይሥጉ፣ ተፈጥሯቸው ነው። የሰው የዐይን ነርቭ ክሮች ግማሽ ያህሉ ብቻ ወደ ሌላው ጎን ይሻገራሉ፤ የዶሮ ግን ሁሉም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ የቀኝ ዐይኗ በዋነኛነት የግራውን አንጎል ያገለግላል፤ ጥሬን ከጠጠር የሚለየውም ይኸው ወገን ነው። አውስትራሊያዊቷ ሌስሊ ሮጀርስ በጫጩቶች ላይ እንዳሳዩት፣ ቀኝ ዐይኗ የተሸፈነ ጫጩት ጥሬውንና ጠጠሩን ትቀላቅላለች። የግራ ዐይን ደግሞ አደጋን ይጠብቃል።

ነገሩ የሚጀምረው ከእንቁላሉ ነው። በ21 ቀናቱ የመታቀፊያ ጊዜ መጨረሻ ላይ ጽንሷ ግራ ዐይኗን ወደ ገላዋ አስጠግታ፣ ቀኝ ዐይኗን ወደ ቅርፊቱ አዙራ ትተኛለች። ታቃፊዋ እናት ለመብላት ስትነሣ በቅርፊቱ የሚያልፈው ብርሃን የሚያገኘው ቀኙን ዐይን ነው። ከዚያ ዐይን መልእክት ከሚቀበለው ከግራው ታላመስ ወደ ቀኙ የፊት አንጎል የሚሻገሩት ክሮች በዚህ ምክንያት ይበዛሉ። በጨለማ የተፈለፈሉት ላይ ይህ ልዩነት አይታይም።

ሊያሳስብዎ የሚገባው አንገቷ ተጣሞ የማይመለስ፣ ዞራ ዞራ የምትወድቅ ወይም እግሯ የሚሰንፍ ዶሮ ካዩ ነው። ይህ የፈንግል ምልክት ሊሆን ስለሚችል ያቺን ዶሮ ወዲያው ከሌሎቹ ለይተው የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ፤ የቀሩት ክትባት መውሰድ አለመውሰዳቸውንም ይንገሩት።