ጠርሙሱን ልማር ወይስ ሳተላይቱን?

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው። በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪሽን ይዘሻል። ለማስተርስ የባሕር ፋይቶፕላንክተን (በውሃ የሚንሳፈፉ፣ እንደ ተክል በብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩ ጥቃቅን ፍጥረቶች) እድገትና ቀዳሚ ምርት፣ ማለትም በብርሃን የሚሠሩት ካርቦን፣ ልኬት ላይ መሥራት ትፈልጊያለሽ። አንድ መምህርሽ ግን «ጠርሙስ ይዞ መርከብ ላይ መውጣት ጊዜው አልፎበታል፤ አሁን ሁሉን የሚለካው ሳተላይት ነው፤ ኮዲንግ ተማሪ» አሉሽ። በዚያ ላይ የራዲዮአክቲቭ ነገርና የመርከብ ላይ ማቅለሽለሽ አስፈርቶሻል።

መምህርሽ ግማሹን ልክ ናቸው። ኮዲንግ ተማሪ። ሳተላይት ሁሉን ይለካል የሚለውን ግን አልቀበልም። ሳተላይት የሚያየው የውሃውን ቀለም ነው። ከቀለሙ ክሎሮፊል ይገመታል። ከክሎሮፊሉ፣ ከብርሃኑና ከውሃው ሙቀት ደግሞ ምርቱ በቀመር ይሰላል። ቀመሩስ ከየት መጣ? ተመራማሪዎቹ ቤረንፌልድና ፋልኮውስኪ በ1997 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያወጡት፣ ዛሬም ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ሞዴል የተሠራው ሰዎች በጠርሙስ ከለኳቸው በሺዎች የሚቆጠሩ የካርቦን-14 (ራዲዮአክቲቭ የሆነ የካርቦን ዓይነት) ውጤቶች ነው። ሳተላይቱ ጥልቁን ውሃ አያይም፤ ደመና ሲመጣማ ምንም አያይም። በየካቲት 2024 የመጠቀችው ፔስ የተባለችው ሳተላይት ከቀደሙት ይልቅ ቀለማትን በጣም ዘርዝራ ታያለች። ያየችው ልክ መሆኑን የሚያረጋግጠው ግን እዚያው ባሕሩ ላይ ውሃ የሚቀዳ ሰው ነው።

ሥራው ራሱ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ጋርደርና ግራን በ1927 ባሳተሙት ጥናት ባሕር ውሃ አንዱን ብርሃን በሚያስገባ፣ ሌላውን በጨለመ ጠርሙስ አስቀምጠው የኦክስጅኑን ልዩነት ለኩ። ፋይቶፕላንክተን በሳሳበት ውሃ ግን ልዩነቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ለመያዝ ያስቸግራል። በ1952 ዴንማርካዊው ስቴማን ኒልሰን የካርቦን-14ን ዘዴ ይዞ መጣ። ውሃው ላይ ጥቂት ካርቦን-14 ትጨምሪያለሽ፤ ብርሃን ላይ ታቆዪዋለሽ፤ ታጣሪዋለሽ፤ ፋይቶፕላንክተኑ ወስዶት ማጣሪያው ላይ የቀረውን በመሣሪያ ትቆጥሪያለሽ። አለቀ።

ግን አያልቅም። ጠርሙሱን ስንት ሰዓት አቆየሽው? ለጥቂት ሰዓት ከሆነ ቁጥሩ ወደ ጠቅላላው ምርት፣ ማለትም በሙሉ ወደተሠራው፣ ይጠጋል። ሙሉ ቀንና ሌሊት ከሆነ ፍጥረቶቹ ራሳቸው የተነፈሱት ተቀንሶ ወደ ተጣራው ምርት፣ ማለትም ወደሚተርፈው፣ ይቀርባል። በ1982 ደግሞ ፊትዝዎተር፣ ናወርና ማርቲን አንድ የሚያሳፍር ነገር አሳዩ፤ ከመቅጃውና ከጠርሙሱ የሚገባ ጥቂት የብረታ ብረት ብክለት ፋይቶፕላንክተኑን እየጎዳ ውጤቱን ዝቅ ያደርገው ነበር። ባሕሩ ደካማ ነው ሲባል የቆየው በከፊል የዕቃ አጠባ ጉዳይ ነበር ማለት ነው።

እድገት የሚለውን ቃልሽንም ከምርት ለይተሽ ያዢው። ምርት በአንድ ሜትር ኩብ ውሃ በቀን ስንት ሚሊግራም ካርቦን ተሠራ ነው። እድገት ግን ሴሎቹ በምን ፍጥነት እየበዙ እንደሆነ ነው። ሺህ ሴል በአንድ ቀን ሁለት ሺህ ከሆነ የእድገቱ መጠን በቀን 0.69 ነው። ችግሩ፣ ጠርሙሱ ውስጥ በሊታዎችም አሉ። የበቀለውን ያህል ከበሉ ክሎሮፊሉ ባለበት ይቆማል፤ እድገቱ ግን ፈጣን ሊሆን ይችላል። ኪስሽ ውስጥ ያለው ገንዘብ ደሞዝሽን እንደማይናገር ማለት ነው። ላንድሪና ሃሴት በ1982 ያመጡት መላ ብልህ ነው፦ ውሃውን በተጣራ የባሕር ውሃ በተለያየ መጠን ማቅጠን። በሊታና ተበይ እየተራራቁ ሲሄዱ እድገቱና መበላቱ ይለያያሉ። እኔ ብሆን ከሁሉ በፊት ይህን እማር ነበር።

ቀጣሪ የሚፈልገው ይህንን ዓይነት ጥንቃቄ ነው። በዚህ ርዕስ ስም የሚወጣ ክፍት የሥራ ቦታ ብዙ አይደለም፤ አልዋሽሽም። ክሎሮፊል በትክክል የሚያወጣ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ዝርያ የሚለይና መረጃውን ራሱ በፓይተን የኮዲንግ ቋንቋ የሚያጸዳ ሰው ግን ለዓሣ ሀብት ምርምር፣ ለውሃ ጥራት ክትትልና ለአልጌ እርባታም ይሆናል።

ስለ ጨረሩ፦ ካርቦን-14 የሚለቀው ቤታ የተባለ ደካማ ጨረር ነው፤ የጠርሙሱን ግድግዳ አያልፍም። ዋናው ጥንቃቄ እንዳትውጪው፣ እንዳይፈስብሽና ቆሻሻው በሥርዓት እንዲወገድ ነው። ሥልጠናና ፈቃድም ይጠየቃል። ካልፈለግሽ ራዲዮአክቲቭ ያልሆነው ካርቦን-13 አለ። ማቅለሽለሹ አብዛኛውን ሰው በጥቂት ቀን ይለቀዋል። ካልለቀቀሽም ላቦራቶሪ ውስጥ ፋይቶፕላንክተን ማሳደግ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

አሁኑኑ የምትጀምሪው ደግሞ አለ። ከሃዋይ በስተሰሜን ባለው አሎሃ የተባለ የባሕር ምርምር ጣቢያ ከ1988 ጀምሮ የካርቦን-14 ልኬት ሲካሄድ ቆይቷል፤ መረጃው ለማንም ክፍት ነው። አውርጂው። የየጥልቀቱን ምርት ደምሪና የየወሩን ግራፍ ሥሪ። ጠርሙሶቹ እዚያ የሚቆዩት ከንጋት እስከ ምሽት መሆኑን ልብ በይ፤ ቁጥሩን ስታነቢ ይጠቅምሻል። አማካሪ ስታናግሪ ግራፉን ይዘሽ ሂጂ። ከዚያ አንቺም ጠይቂ፦ ጠርሙሶቻችሁን ስንት ሰዓት ታቆያላችሁ፣ ለምን? «ድሮም እንዲሁ ነው የምናደርገው» ካሉሽ ሌላ ላቦራቶሪ ፈልጊ።