በሰፈር ሙዚቃዊ ቴአትር ለመወዳደር ለሚያስቡ፦ ጥያቄና መልስ

የሰፈራችን የሙዚቃዊ ቴአትር ቡድን በሚቀጥለው ወር ለአዲስ ሥራ ተዋንያን እንደሚመርጥ ከተሰማ ወዲህ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከአቃቂና ከገላን በኩል በርካታ ጥያቄዎች ደርሰውኛል። ከፈታኞች ጋር ለ11 ዓመታት የተቀመጥሁ፣ ከዚያ በፊትም ከፈታኞች ፊት ቆሜ የተንቀጠቀጥሁ ሰው ስለሆንሁ፣ የማውቀውን በየተራ እመልሳለሁ። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ።

«19 ዓመቴ ነው። የድምፅም ሆነ የትወና ትምህርት አልወሰድሁም። ብመጣ ጊዜያችሁን አባክንባችሁ ይሆን?» (ከኮዬ ፈጬ)

አታባክኚም። እስካሁን ከመረጥናቸው የሚበዙት ምንም ትምህርት ያልነበራቸው ናቸው፤ አተነፋፈሱንም ሆነ የመድረክ አቋቋሙን በጥናት ጊዜ እናስተምራለን። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፦ ዘፈንሽን ከጨረስሽ በኋላ አዘጋጁ አንድ ትእዛዝ ይሰጥሻል። ለምሳሌ «አሁን ደግሞ ይህንኑ ዘፈን፣ አጠገብሽ ሕፃን ተኝቶ እንዳይነቃ እየተጠነቀቅሽ ዝፈኚው» ይልሻል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አቀራረቡን ትንሽ ጮክ አድርጎ ይደግመዋል፤ ምክንያቱም ትእዛዙን የሰማው «አልበቃህም» እንደ ተባለ አድርጎ ነው። ዋናው ፈተና የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው አዘፋፈንሽ ከመጀመሪያው የከፋ እንኳ ቢሆን፣ የተለየ ከሆነ እርሳሳችንን አንስተን እንጽፋለን።

«ምን ዓይነት ዘፈን ላዘጋጅ? ከባዱን ልምረጥ ወይስ የምችለውን?» (ከአቃቂ፤ ይህን የጠየቁኝ ብዙ ናቸው)

የምትችለውን። ርዝመቱ ከሁለት ደቂቃ ባይበልጥ፣ በውስጡም አንድ ሰው ሌላውን የሚያናግርበት ቢሆን ይመረጣል። በሙዚቃዊ ቴአትር ዘፈን የሚጀምረው ንግግር አልበቃ ሲል ነውና፣ ማንን እንደምታናግር ካላወቅህ ድምፅህ የቱንም ያህል ቢያምር ገጸ ባሕርይው አይታየንም። የታዋቂ ዘፋኝን ጉሮሮ እየቀዳህ አትምጣ፤ የእሱን ድምፅ ከፈለግን ቤታችን ተቀምጠን እንሰማዋለን።

ሥራዎቻችን በአብዛኛው በአራቱ ቅኝቶች፣ ማለትም በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ የተቀነባበሩ ናቸው። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፆች ቢኖሩትም የቅኝቶቹ ክብደት እኩል አይደለም። አንቺሆዬ ላልለመደው ጆሮ አስቸጋሪ በመሆኑ፣ በአንቺሆዬ ጀምሮ ሳይታወቀው ወደ አምባሰል የሚንሸራተት ተፈታኝ በየዓመቱ አናጣም። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ራስህን ለማሳየት የመጣህበት ሰዓት ስለሆነ፣ ከልጅነትህ ጀምሮ ሳታስበው የምታንጎራጉረው ዘፈን በየትኛው ቅኝት እንደሆነ አጣርተህ በእርሱ ና። ኪቦርድ ካገኘህ፣ ካልሆነም በስልክህ ላይ የፒያኖ መተግበሪያ ካለህ፣ ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ተጫን፤ ሦስት ሦስት ሆነው ከተደረደሩት ከመጀመሪያው ተነሥተህ ወደ ቀኝ አምስቱን ብትከተል ከሁለቱ የትዝታ ዓይነቶች አንዱን፣ ሜጀር ትዝታን ታገኛለህ። ያለ አስተማሪ ጆሮን ለመግራት ከዚህ የቀለለ መንገድ አላውቅም።

ሰው ብዙ ጊዜ የማያስተውለው ደግሞ የፊደሉን ጉዳይ ነው። ረጅሙ ድምፅ «ልብ» በመሰለ የሳድስ ቃል ላይ ከወደቀ፣ የሚጎተተው አናባቢ ጠባብ ስለሆነ ጉሮሮ ይታፈናል። «ና» ወይም «እማማ» እንደሚሉት ባለ ራብዕ ላይ ከወደቀ ግን አፍ ይከፈታል፣ ድምፁም ያለ ማይክራፎን እስከ ኋለኛው ወንበር ይደርሳል። የመረጥኸውን ግጥም ጻፈውና ረጃጅሞቹ ድምፆች የሚያርፉባቸውን ፊደላት አስምርባቸው።

«የተቀነባበረውን ሙዚቃ በስልኬ እያጫወትሁ ብዘፍን ይፈቀዳል?» (ከገላን)

ይፈቀዳል፤ እኔ ግን አልመክርህም። የተቀዳው ሙዚቃ የተሠራው ለሌላ ሰው ድምፅ ከፍታ ስለሆነ፣ አንተ ትከተለዋለህ እንጂ እሱ አይከተልህም። የራሴን ልንገርህ። ገና ወጣት ሳለሁ በአንድ የቴአትር ክበብ ለመፈተን ሙዚቃውን በካሴት ይዤ ሄድሁ። የመጀመሪያውን ክፍል እንደምንም ተወጣሁት፤ አዝማቹ ላይ ስደርስ ድምፄ ተሰነጠቀ። ከፈታኞቹ አንዱ ሻዩን እያማሰለ ነበር፤ ማማሰሉን አቆመ። ካሴቱ ግን አላቆመም፤ እኔ ዝም ብዬ ቆሜ እስከ መጨረሻው ተጫወተ።

ከዚያ በተቃራኒ የማስታውሳት ከሰበታ የመጣች ልጅ ናት። ያለ ምንም መሣሪያ በአምባሰል ጀመረች፤ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ከፍ አድርጋ መነሣቷ ገባት። «ይቅርታ፣ ዝቅ አድርጌ ልጀምር» አለች፤ መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ አዲሱን መነሻ በአፍንጫዋ ካንጎራጎረች በኋላ እንደገና ጀመረች። እስከዚያ ድረስ ክሩን ሲያጠብቅ የነበረው የክራር ተጫዋቻችን ቀና ብሎ አያት። ያን ዕለት ከሰማናቸው ድምፆች የሷ የተሻለ አልነበረም፤ ነገር ግን ራሷን የምትሰማ ልጅ ነበረችና ወሰድናት። ስለዚህ አንድ ጊዜ አቁሞ መጀመር በእኛ ዘንድ አያስቀንስም። ክራርና ኪቦርድ በአዳራሹ አሉ፤ መነሻህን ካሰማሃቸው ተጫዋቾቹ ይከተሉሃል። መብራት ከጠፋ ደግሞ ክራሩ ይቀራል።

«ድምፅ አለኝ፤ ውዝዋዜ ግን ፈጽሞ አልችልም።» (ከቱሉ ዲምቱ)

አንድ አጭር እንቅስቃሴ እናሳይሃለን፣ አራት አምስት ጊዜ ከደገምኸው በኋላ ትሠራዋለህ። የምናየው ቅልጥፍናህን አይደለም፤ ሲሳሳት ፊቱን የሚያኮማትር ሰው ነው የሚያሳስበን፤ ተመልካች ስሕተቱን የሚያውቀው ከፊትህ ነውና።

አስቸጋሪው እየተወዛወዙ መዝፈኑ ነው። በደረቱ የሚተነፍስ ሰው እስክስታ ሲመታ ትንፋሹ ከትከሻው ጋር አብሮ ይናወጣል፤ ትንፋሹን ወደ ሆዱ ያወረደ ሰው ግን ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ድምፁ ቀጥ ብሎ ይወጣል። የጉራጌን ጭፈራ የመሰለ ፈጣን እንቅስቃሴ ሲሆን ማንም ቢሆን ለረጅም ጊዜ እየዘፈነ ሊቆይ ስለማይችል፣ ተቀባዮችን ለሁለት ከፍለን አንዱ ወገን ሲዘል ሌላው እንዲዘፍን እናደርጋለን። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ መሆኗን አትርሳ፤ ትንፋሽ ማጠር የሁሉም ሰው ችግር ነው። የምትኖረው ኮንዶሚኒየም ከሆነ፣ እስከ አራተኛ ፎቅ ደረጃውን እየወጣህ ግጥምህን በመካከለኛ ድምፅ ተናገረው። ጎረቤቶችህ ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ የእኔዎቹ ለምደውኛል።

«መነባንብም ይጠየቃል ይባላል። ምን ላይ ነው የሚቀነሰው?» (ከአቃቂ)

አንድ ደቂቃ የሚሆን መነባንብ፣ ማለትም ተዋናይ ብቻውን የሚያቀርበውን ንግግር፣ እንጠይቃለን። ነጥብ የሚያስቀንሰው አብዛኛውን ጊዜ ማጥበቅና ማላላት ነው። «ዋና» የሚለው ቃል ሲላላ ውሃ ውስጥ የሚደረገው ነው፤ ሲጠብቅ ደግሞ አለቃው ነው። «ገና» ቢላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ቢጠብቅ በዓሉ ደርሷል። በጽሑፍ ላይ ልዩነቱ ስለማይታይ፣ ጽሑፉን ሳይረዳ የሸመደደ ሰው እዚህ ላይ ይጋለጣል። በዘፈን ሲሆን ደግሞ ምቱ የሚጠብቀውን ቃል አላልቶ ሊያስኬድህ ይችላል። ይህ በልምምድ ላይ ካጋጠመህ ዜማውን ትንሽ አዘግየው እንጂ ቃሉን አትስበር።

«ዕድሜዬ 54 ነው። ልጆቼ ይስቁብኛል። ለእንደኔ ያለ ሰው ቦታ አለ?» (ከቱሉ ዲምቱ)

እማማ፣ እርስዎን የመሰለ ሰው አጥተን 22 ዓመት የሆናትን ልጅ ፀጉሯ ላይ ዱቄት ነስንሰን አያት አድርገን ያቀረብንበት ጊዜ አለ፤ ዱቄቱ በውዝዋዜው ሲበን ፊተኛው ረድፍ የተቀመጠው ሁሉ አስነጠሰ። ስለዚህ ቦታው ባዶ ሆኖ እየጠበቀዎት ነው። ሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር የሚታይበት ዘመን ነበርና፣ በአገራችን ቴአትር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሴቶቹን ገጸ ባሕርያት ቀሚስ ለብሰው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ከዚያ አንጻር የልጆችዎ ሳቅ ብዙ አይከብድም። ሌላ ዘፈን አይጠኑ፤ በሠርግ ላይ ሲያወጡ የኖሩትን ዘፈን ይዘው ይምጡ። አውጥቶ ሰውን ማስቀበል እኛ ለወጣቶቹ በወራት የምናስተምረው ሙያ ነው።

«በሰንበት ትምህርት ቤት መዘምር ነኝ። ልምዴ ይጠቅመኛል?» (ከገላን)

በእጅጉ ይጠቅምሃል። ከሌሎች ጋር ድምፅን ማዋሐድ፣ ከመሪው ላይ ዓይንን አለማንሣትና ረጅም ግጥም በቃል መያዝ ቀድመህ የተማርኸው ነገር ነው። የሚያስቸግርህ ፊትህ ነው፤ በመዝሙር ላይ ራስህን ሰውረህ መቆም ለምደሃል፤ እዚህ ግን የገጸ ባሕርይው ቅናትና ንዴት በፊትህ ላይ እንዲታይ እንጠይቅሃለን። በመንዙማና በወንጌላውያን ኳየር ያደጉትም እንዲሁ ናቸው። ዓለማዊ ዘፈን መዝፈን ይገባኛል ወይስ አይገባኝም የሚለውን ግን እኔን ሳይሆን የንስሐ አባትህን ጠይቅ።

«ፈተናው በጾም ላይ ዋለ። ውሃ ሳልጠጣ እንዴት ልዝፈን?» (ከኮዬ ፈጬ)

ስትመዘገቢ ንገሪን፤ የሚጾሙትን በመጀመሪያው ሰዓት፣ ጉሮሯቸው ሳይደርቅ እናስገባቸዋለን። በረመዳን ደግሞ ጥናቱን ከማፍጠሪያ በኋላ እናደርጋለን። ማታውን በደንብ ጠጪ፤ ጠዋት ላይ ድምፅሽን አትሞክሪበት።

«አንድ ቡድን ለኦዲሽን መመዝገቢያ ገንዘብ ጠየቀኝ፤ ሌላው ደግሞ አዘጋጁ ለብቻዬ በሆቴል እንድገናኘው ፈለገ። የተለመደ ነው?» (ሰፈሯን መጥቀስ ያልፈለገች)

አይደለም፤ አንዱም ልክ አይደለም። የሰፈር ቡድን ከተወዳዳሪ ገንዘብ አይሰበስብም፤ ወጪውን የሚሸፍነው ከመግቢያ ትኬትና ከአባላት መዋጮ ነው። ሁለተኛው ከዚያ እጅግ የከፋ ነው። ፈተና የሚሰጠው በአዳራሽ፣ በቀን፣ ቢያንስ ሦስት ሰዎች በተገኙበት ነው። እህትሽን፣ ጓደኛሽን ወይም እናትሽን ይዘሽ መምጣት መብትሽ ነው፤ ሰው ይዘሽ በመምጣትሽ የሚቆጣ አዘጋጅ ካለ እዚያው ትተሽው ተመለሺ። በእኛ ዘንድ ከረመዳን በስተቀር ጥናት የሚያልቀው 12 ሰዓት ከመሆኑ በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ ታክሲ ለማግኘት ያለውን ግፊያ ሁላችንም እናውቀዋለንና። ወላጆቻችሁ ፈቃደኛ ካልሆኑ አንድ ቀን ጥናት ላይ ይዛችኋቸው ኑ፤ ወንበር አለ።

«ሦስት ጊዜ ተወዳድሬ ሦስቱንም ጊዜ ተቀባይ አደረጋችሁኝ። ዋናው ሚና ለዘመድ ነው የሚሰጠው ይባላል።» (ከአቃቂ)

የምትለው ነገር አንድ ጊዜ መሆኑን አልክድም። ከዓመታት በፊት ከአዘጋጆቹ የአንዱ ዘመድ ዋናውን ሚና ሲያገኝ በጠረጴዛው ዙሪያ ከነበሩት ዝም ያልሁት አንዱ እኔ ነኝ፤ ሥራውም በሁለተኛው ሳምንት ተመልካች አጣ። ከዚያ ወዲህ የተፈታኝ ዘመድ የሆነ ፈታኝ ክፍሉን ለቅቆ ይወጣል።

የአንተን በተመለከተ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ማስታወሻዬን አይቼ ነው የምነግርህ። ሦስቱንም ጊዜ ያመጣኸው ያንኑ ዘፈን ነበር፤ በየዓመቱም የተሰጠህን እርማት ሳትነካው መጥተሃል። በሌላ በኩል ያንተ ድምፅ ወፍራም በመሆኑ ከተቀባዮቹ ስር ሲገባ ሌሎቹ ከፍታቸውን ይዘው ይቆያሉ፤ ባለፈው ሥራ በታመምህ ቀን አዝማቹ ግማሽ ድምፅ ያህል ወርዶ ኪቦርዱ ብቻውን ላይ ቀርቶ ነበር። ይህን ያን ጊዜ ልንነግርህ ይገባን ነበር። ዘንድሮ ሌላ ዘፈን ይዘህ ና፣ ከቻልህም አስቂኝ የሆነውን፤ ስታስቅ አይተንህ አናውቅም።

«ስንት ሰዓት ላይ ልድረስ?» (ብዙዎች)

ጥሪው ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ 2 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ይከፈታል። ለስላሳ ጫማ ይዛችሁ ኑ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። የአዳራሹ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ከጣለ ማንንም መስማት አንችልም፤ ተራችሁ ላይ ቢዘንብ አትጩኹ፣ እስኪያባራ አብረን ቁጭ እንላለን።