ስለ ዓይን ብርሃን ተቀባይ ሴሎች ጠይቁ፣ ሲስተር ይመልሳሉ

አቤል፦ ሲስተር፣ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ምንም አይታየኝም። ቆይቶ ወንበሩም በሩም ይታየኛል። ለምን?

ሲስተር፦ ሬቲና (ከዓይን ውስጥ በስተጀርባ ያለው ስስ ሽፋን) ላይ ሁለት ዓይነት ብርሃን ተቀባይ ሴሎች አሉ። ኮኖች 6 ሚሊዮን ገደማ ናቸው፤ ቀንና ቀለም የእነሱ ነው። ሮዶች 120 ሚሊዮን አካባቢ ሲሆኑ ጨለማውን ይይዛሉ። ሮድ ውስጥ ሮዶፕሲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ብርሃን ሲነካው ይለወጣል፤ እንደገና እስኪሠራ ጊዜ ይፈልጋል። ሮዶች ጨለማን በደንብ እስኪለምዱ 30 ደቂቃና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። መሃል ላይ የስልክህን ባትሪ ካበራህ ልፋትህ ገደል ገባ። የሚገርመው፣ እነዚህ ሴሎች ኬሚካል በብዛት የሚለቁት በጨለማ ነው። ብርሃን ሲያገኙ ይቀንሳሉ፤ መልእክቱም ያ መቀነስ ነው።

ቤዛ፦ ካሮት መነጽር ያስጥላል?

ሲስተር፦ አያስጥልም።

ሐና፦ የ4 ዓመት ልጄ ቀን ደህና ነው። ሲመሽ ግን ይደናቀፋል።

ሲስተር፦ ሐናዬ፣ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ዳፍንት ሊሆን ይችላል። ሮዶፕሲን የሚሠራው ከቫይታሚን ኤ ነው፤ ሳይንቲስቱ ጆርጅ ዋልድ በ1967 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተጋራው በዚህ ዘርፍ ሥራው ነው። ቫይታሚኑ ሲጎድል ቀድመው የሚቸገሩት ሮዶች ናቸው። ቀን ኳስ ሲያባርር የዋለ ልጅ ማታ ግድግዳ እየዳበሰ ይሄዳል፤ ፊቱ የተቀመጠለትን ኩባያ በእጁ ይፈልጋል። እናቶች “ፈዛዛ ነው” ይላሉ። ልጁ ፈዛዛ አይደለም! በዓይኑ ነጭ ላይ አረፋ የመሰለ ነገር ካለ አንድ ቀን አታሳድሩ። ኮርኒያ የሚባለው የዓይን ፊተኛ ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ደርቆ ከቆሰለ ብርሃኑ ላይመለስ ይችላል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች በየ6 ወሩ ቫይታሚን ኤ ይሰጣል፤ መውሰዱን ጠይቂ። ጉበት፣ እንቁላል፣ ማንጎ፣ ጎመን ስጪው፤ ጎመኑን ዘይት ይንካው። ካፕሱል ግን በግምት ገዝታችሁ አትስጡ፤ ሲበዛ ይመርዛል። ነፍሰ ጡሮችም ሳትታዘዙ እንዳትወስዱ፣ ለፅንሱ አደገኛ ነው።

ግርማ፦ ዶሮም እኮ ሲመሽ አታይም። የድመት ዓይን ግን ራሱ ያበራል።

ሰላም፦ ኧረ አያበራም! ብርሃን ሲያርፍበት ነው የሚያንጸባርቀው።

ግርማ፦ እኔ መብራት በሌለበት ገጠር ነው ያደግኩት፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሰላም፦ ኩራዝም አልነበረም? ጨረቃስ?

ሲስተር፦ ሰላም ልክ ናት። ከድመት ሬቲና ጀርባ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን አለ። የዶሮ ዓይን ደግሞ ኮን ይበዛዋል። አሁን ወደ ሰው እንመለስ።

ዳዊት፦ ደብዛዛ ኮከብ ትኩር ብዬ ሳየው ይጠፋብኛል።

ሲስተር፦ ትኩር ስትል ምስሉ የሚያርፈው የሬቲና እምብርት ላይ ነው። እዚያ ሮድ የለም። ትንሽ ወደ ጎኑ እይ፣ ይመጣል።

ሚኪ፦ በሰኔ 2012 ላሊበላ ላይ እንደታየው ዓይነት ግርዶሽ ቢመጣ በኤክስሬይ ፊልም ማየት ይቻላል?

ሲስተር፦ በፍጹም። በተራ ጥቁር መነጽርም አይሆንም። ሬቲና ሕመም አይሰማውም፤ ሲቃጠል አታውቁም። ለግርዶሽ በተሠራ መነጽር ብቻ።

አስቴር፦ ዓይኔ ልክ አይደለም፣ ምን ይሻለኛል?

ሲስተር፦ ምኑ? ያማል? ይደበዝዛል? ከመቼ ጀምሮ? እንዲህ ተጠይቆ መልስ የለም፤ ዘርዝሪና ተመለሺ።

ቢኒ፦ ለማታ እይታ የትኛውን ካፕሱል ልግዛ?

ሲስተር፦ ቢኒ፣ ከላይ ጽፌዋለሁ፣ አንብበው። በግምት ካፕሱል አይገዛም። መጀመሪያ ተመርመር።