ቤዛ፣ ስርየት፣ ጽድቅ፣ ዕርቅ፦ አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። በስብከት ላይ ቤዛ፣ ስርየት፣ ጽድቅ፣ ዕርቅ ሲባል እሰማለሁ። ለእኔ ሁሉም «ጌታ አዳነን» ከማለት አይለዩብኝም። ልዩነት ካላቸው ቢያስረዱኝ። ቤዛ ዋጋ ከሆነስ ለማን ነው የተከፈለው? ደግሞ አንድ ጊዜ ከተቤዠሁ ለምን ዛሬም «ንስሐ ግባ» እባላለሁ?

መልስ፦ ሥራው አንድ ነው፤ የሠራውም አንዱ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ነው። ቃላቱ የበዙት ኃጢአት በሰው ላይ ያደረሰው ጉዳት አንድ ዓይነት ስላልሆነ ነው። ኃጢአት ሰውን ባሪያ አደረገው፣ አረከሰው፣ በፍርድ ፊት በደለኛ አድርጎ አቆመው፣ ከፈጣሪውም አጣላው። ለባርነቱ ቤዛ፣ ለርኩሰቱ ስርየት፣ ለበደለኛነቱ ጽድቅ፣ ለጠቡ ዕርቅ ተባለ። ይህ ካልተያዘ የአንዱን ጥያቄ ለሌላው እያቀረቡ መቸገር ይመጣል።

ሰፊው ቤዛ ነውና ከእርሱ እንጀምር። በኦሪት ቤዛ ተቆጥሮ የሚከፈል ነገር ነበር። ሕዝቡ ሲቆጠር ሃያ ዓመት የሞላው ሁሉ ለነፍሱ ቤዛ ግማሽ ሰቅል (ሰቅል የብር መክፈያ ነው) ይሰጣል፤ ባለጠጋው ከዚያ አይጨምርም፣ ድሀውም አያጎድልም (ዘጸ 30፥12-15)። የበኩሮቹ ነገር ደግሞ ይበልጥ ይገልጠዋል። ሌዋውያን በእስራኤል በኩሮች ፈንታ ሲወሰዱ ሌዋውያኑ 22,000፣ በኩሮቹ 22,273 ሆኑ። ምትክ ያላገኙት 273 ሰዎች «ጥቂት ናቸው፣ ይለፉ» አልተባሉም። ለእያንዳንዳቸው አምስት ሰቅል፣ በድምሩ 1,365 ሰቅል ተከፈለ (ዘኁ 3፥39-50)። በአንድ ሰው ፈንታ ወይ ሌላ ሰው ይቆማል፣ ወይ ዋጋ ይከፈላል፤ ሳይታሰብለት የሚቀር ሰው የለም።

ይህችው ኦሪት ግን ቤዛ የማይቀበሉበትንም ቦታ ለይታለች፤ ሞት ከተፈረደበት ነፍሰ ገዳይ ቤዛ አይወሰድም (ዘኁ 35፥31)። መዝሙረኛውም ሰው ለወንድሙ ነፍስ የሚበቃ ቤዛ ለእግዚአብሔር ማቅረብ እንደማይችል ይናገራል (መዝ 49፥7-8)። ጌታችን ነፍሱን ለብዙዎች ቤዛ ሊሰጥ እንደ መጣ ሲናገር (ማር 10፥45) ሰው ሊከፍለው ያልቻለውን ሊከፍል መምጣቱን መናገሩ ነው።

የሚቤዠውስ ማን ነው? ደኽይቶ ራሱን ለእንግዳ የሸጠውን ሰው ወንድሙ፣ አጎቱ፣ የአጎቱ ልጅ ወይም ሌላ የሥጋ ዘመዱ ይቤዠዋል (ዘሌ 25፥47-49)። በመጽሐፈ ሩት ምዕራፍ 4 ባሎቻቸው ለሞቱባቸው ለኑኃሚንና ለምራቷ ለሩት ከቦዔዝ ይልቅ የሚቀርብ ዘመድ ነበረ። የቤተሰቡን መሬት እንዲቤዥ ሲሉት «እቤዠዋለሁ» አለ፤ ሩትም አብራ እንደምትመጣ ሲሰማ ርስቱ እንዳይበላሽበት ፈርቶ ተወው። ዝምድናው ነበረው፣ ፈቃዱ ግን አልነበረውም። ለመቤዠት ዝምድና፣ አቅምና ፈቃድ ሦስቱም ያስፈልጋሉ። ቃል ሥጋ ባይሆን ዘመዳችን አይሆንም ነበር (ዕብ 2፥14)፤ አምላክ ባይሆን ለዓለም ሁሉ የሚበቃ ዋጋ አይኖረውም ነበር፤ ነፍሱንም ማንም ሳይወስድበት በፈቃዱ ሰጠ (ዮሐ 10፥18)። ስለ ስቅለቱ ብዙ ተናግረው ልደቱን እንደ መግቢያ ብቻ የሚያልፉ ሰባክያን እዚህ ላይ ትልቅ ነገር ያጎድላሉ።

«ለማን ተከፈለ?» ለሚለው፣ ከጥንት መምህራን ለዲያብሎስ ነው ያሉ ነበሩ። በ4ኛው መቶ ዘመን የነበረው ነባቢ መለኮት ጎርጎርዮስ ይህን አጥብቆ ነቀፈው፤ ቀማኛ ለቅሚያው ዋጋ ይቀበላል ማለት፣ ያውም አምላክን ራሱን፣ ነውር ነው አለ። አብም ምርኮኛ አድርጎ የያዘን አልነበረምና፣ መሥዋዕቱን የተቀበለው ፈልጎት ወይም ቸግሮት ሳይሆን ለእኛ መዳን ባዘጋጀው ሥርዓት እንደ ሆነ አስተማረ። እግዚአብሔር እስራኤልን ከግብፅ ሲቤዣቸው (ዘዳ 7፥8) ለፈርዖን አንዲት ሰቅል እንኳ አልተከፈለም። ቤዛ የሚለው ቃል የሚነግረን ነጻ የወጣነው በከባድ ዋጋ መሆኑን ነው፤ ገንዘብ ተቀባይ ፍለጋ ከሄዱበት ቃሉ ወዳልተላከበት ይወስድዎታል።

ስርየት የሚታየው በገበያ ወይም በዘመድ ሸንጎ ሳይሆን በመቅደስ ነው። በሰባተኛው ወር በአሥረኛው ቀን ሊቀ ካህናቱ ሁለት ፍየሎች ያቀርባል። የአንዱን ደም ይዞ ወደ መጋረጃው ውስጥ ይገባና በታቦቱ ላይ ባለው የስርየት መክደኛ ላይና በፊቱ ይረጫል። በሁለተኛው ላይ ሁለት እጁን ጭኖ የሕዝቡን ኃጢአት ይናዘዝና ፍየሉ ወደ ምድረ በዳ ይሰደዳል (ዘሌ 16)። አንዱ ያነጻል፣ ሌላው ያርቃል። ብዙዎች «ደም» ሲባል ሞትን ብቻ ያስባሉ፤ መጽሐፍ ግን ደም የሚያስተሰርየው ሕይወት በውስጡ ስላለ ነው ይላል (ዘሌ 17፥11)። ስለዚህ በክርስቶስ ደም ነጻን ስንል የእርሱ ሕይወት እድፋችንን አጠበው ማለታችን ነው እንጂ አብ ደም ካላየ የማይራራ ነው ማለታችን አይደለም።

ጽድቅ የዳኛ ፊት ቃል ነው። በደለኛው በእምነት ጻድቅ ሆኖ ይቆጠራል (ሮሜ 4፥5)። ያዕቆብ «ከእምነት ብቻ አይደለም» ማለቱ (2፥24) ጳውሎስን መቃወሙ አይደለም፤ ጳውሎስ ጽድቅ በምን እንደሚጀመር ይነግረናል፣ ያዕቆብ የተጀመረው እምነት በሕይወት መኖሩ በምን እንደሚታወቅ። ዕርቅን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልብ ይበሉ፤ እግዚአብሔር ዓለሙን ከራሱ ጋር አስታረቀ ይላል (2ቆሮ 5፥19)። የተበደለው ራሱ ነው ሽማግሌ ሆኖ የመጣው።

ወደ ንስሐው እንምጣ። መጽሐፍ መዳንን በሦስት ጊዜ ይናገራል፤ ጸጋው አድኖአችኋል (ኤፌ 2፥8)፣ ለእኛ ለምንድን (1ቆሮ 1፥18)፣ ከቁጣው እንድናለን (ሮሜ 5፥9)። ቤዛው አንድ ጊዜ ተከፍሏል፣ አይደገምም። ንስሐ ሌላ ቤዛ ሳይሆን ነጻ የወጣ ሰው ወደ ባርነቱ በተመለሰ ቁጥር ወደዚያው ነጻነት የሚመለስበት መንገድ ነው። ንስሐ ገብተው ልባቸው የማያርፍ ብዙዎች የሚሳሳቱት ሥርዓቱ ላይ ነው። ሰውን ለበደለ ሰው የታዘዘው ግልጽ ነው፤ ኃጢአቱን ይናዘዛል፣ የወሰደውን ይመልሳል፣ አምስተኛ እጅ ይጨምራል (ዘኁ 5፥6-7)። 100 የወሰደ 120 ይመልሳል ማለት ነው። ተበዳዩ ሞቶ የሚቀበል ዘመድ ከሌለው ለእግዚአብሔር ይሰጣል (5፥8)። ቀራጩ ዘኬዎስ ከዚህ አልፎ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ (ሉቃ 19፥8)። «ኃጢአተኛ ነኝ» ብሎ በጅምላ ተናዞ ገንዘቡን ይዞ መቅረት ንስሐ አይባልም፤ ሳይናዘዙ ገንዘቡን በስውር መልሶ ማስቀመጥም ግማሹን መተው ነው። የሰረቁት የሰው ስም ከሆነ ደግሞ ለካህኑ መናገሩ ብቻ አይበቃም፤ ያንን ሐሜት በጆሯቸው ለሰሙት ሰዎች አንድ በአንድ «ያልኋችሁ እውነት አልነበረም» ሊሉ ይገባል።